የማራሽ ርሚጦ

ሴትራክ ሲቆጣ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። በጫማ ሥራ ቤቱ ውስጥ ጩኸቱን የሚፈራ የለም። ጩኸቱ ጤንነቱ ነው፤ ቆዳው ዘገየ፣ ማስቲሹ አልደረቀም፣ የሰፈሩ መብራት ዛሬም ሄደ ማለት ነው። ድምፁ ከጺሙ ሳያልፍ የቀረ ቀን ግን ሠራተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሥራው ላይ ያቀረቅራል።

ያን ዕለት ከጺሙ አላለፈም።

በሩ ላይ የቆመችው ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት። አነጋገሯ የሶርያዋ ራቃ ነው። ጦርነቱ የሶርያን ሕዝብ ወዲህ ካፈለሰው ጀምሮ በቤይሩቱ የአርመኖች ሰፈር፣ ቡርጅ ሐሙድ ውስጥ እንዲህ ያለ አነጋገር በየበሩ ይሰማል፤ ሴትራክም መልሱን ሳያስብ ነው የሚሰጠው።

«ሥራ የለም» አለ፣ ከያዘው ጫማ ላይ ቀና ሳይል።

«ሥራ የጠየቀህ ማን ነው? በየግድግዳው የለጠፋችኋት ሴትዮ ምንህ ናት?»

አሁን ቀና አለ። ከቱርኳ ከተማ ከማራሽ የተሰደዱ አርመኖች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ ለእሑዱ በዓል የአያቱን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ ከወንዙ ድልድይ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያልለጠፈበት ግድግዳ የለም። «አያቴ ናት። የዳቦ ጋጋሪው የጋራቤድ ልጅ ሪፕሲሜ። ምነው?»

«የኔም አያት እናት ናት።»

የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። መጨረሻ ላይ ዝም ያለችው የሾጊግ መኪና ናት፤ ሾጊግ የሴትራክ የወንድሙ ልጅ ናት።

«አያቴ ኸለፍ ይባላል» አለች ሴትየዋ። «እናቱ ማታ ማታ ታስጠናው ነበር። ‹ከጠፋሁብህ የማራሹ ጋጋሪ የጋራቤድ ልጅ ሪፕሲሜ የት ናት ብለህ ጠይቅ› እያለች። ጠፋችበት። ዕድሜውን ሙሉ ጠየቀ፤ የነገረው የለም።»

«ይሄን ከግድግዳው ላይ አንብበሽ ነው የመጣሽው።»

«ስሙን አንብቤያለሁ። እዚያ ላይ ያልጻፋችሁትንም ግን አውቃለሁ። ከታችኛው ከንፈሯ እስከ አገጯ የወረደ ንቅሳት ነበራት፤ ግራና ቀኙ ነጠብጣብ ያለበት። ፎቶው ላይ የለም። የት አደረሳችሁት?»

«አያቴ» አለ ሴትራክ፣ ድምፁ ሊሰማ እስከማይችል ወርዶ፣ «የቱርኮችን ጭፍጨፋ ያሳለፈችው ሐለብ ከተማ፣ ሚስዮኖች ዘንድ፣ የሙት ልጆች ቤት ውስጥ ነው። የዐረብ ድንኳን ደጅ አልረገጠችም። ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ የራቃ ሰው ሁሉ አርመን ሆኖ ቀረ እኮ! ለቪዛ ኤምባሲ በር ላይ የሚጠቅም መስሏችሁ ነው?»

«አርመን ብሆን ምን ይጨመርልኛል? እንደናንተ የሙታንን አገጭ ከንቅሳት ማጠብ?»

«ውጪ።»

ወጣች። በሩን እንኳ አላላተመችውም፤ ሾጊግን ያናደዳት ይሄ ነው። ውሸታም ሰው በር ያላትማል። መቀሷን ወርውራ ተከተለቻት፤ አጎቷ ከኋላ «ሾጊግ!» ሲል ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች።

ይህች ሾጊግ አባቷ በልጅነቷ የሞተባት፣ እናቷ ካናዳ ሄዳ ሌላ ያገባችባት፣ አጎቷ ቤት ያደገች ናት። ትምህርት ቤት ቶሎ አቋርጣ መርፌ ጨበጠች፤ ነገር ግን የማኅበሩን የመጻሕፍት መደርደሪያ ከላይ እስከ ታች ጨርሳዋለች፤ የሰፈሩን ሽማግሌዎች እየዞረች ጠይቃ፣ ከጭፍጨፋው ማን እንዴት እንደተረፈ በስልኳ ቀድታ ይዛለች። የተማሩት ሰዎች ያላደረጉትን እሷ ስላደረገች ትኮራለች፤ ኩራቷን ደግሞ ደብቃ አታውቅም። እሑድ መድረክ ላይ የሚነበበውን የሪፕሲሜን ታሪክ የጻፈችው እሷ ናት። የሙት ልጆች ቤቱን፣ ነጩን አልጋ ልብስ፣ የማለዳ ጸሎቱን ሁሉ አሳምራ ጽፋዋለች።

«ቆይ! አንቺ ሴትዮ!» ብላ ከአትክልት ሻጩ ጋሪ አጠገብ ደረሰችባት። «ማን ነሽ አንቺ?»

«ወድሃ እባላለሁ። ራቃ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር፤ አሁን እዚሁ አጠገብ ናባዓ ሰፈር ሰባት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ እንተኛለን። አንቺስ? የሱ ልጅ ነሽ?»

«የወንድሙ። ታሪኳን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አሃ! ውሸታሟ አንቺ ነሻ!»

ሾጊግ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። «ሰው ጠይቄ ነው የጻፍኩት!»

«ማንን? እሱን?» ወድሃ ሳቀች፤ የሳቅ ለዛ የሌለው ሳቅ። «እንግዲያው እኔንም ጠይቂኝ። አያቴ አራት ዓመቱ ነበር። ውኃ ጉድጓዱ ዘንድ አስቀምጣው፣ ‹መጣሁ› ብላው፣ ከጭፍጨፋው የተረፉ አርመኖችን ከየበረሃው ከሚለቅሙት ፈረንጆች መኪና ላይ ወጣች። እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የመኪና ድምፅ ከሰማ ደጅ ይወጣ ነበር። ሊቀበላት እንዳይመስልሽ፤ ሊሰድባት።»

«ስትወስዷት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር!» ጮኸች ሾጊግ። አትክልት ሻጩ ሚዛኑን አስቀምጦ ያያቸው ጀመር። «እናቷ መንገድ ላይ ከአጠገቧ ሞታ፣ ሕፃን ልጅ በረሃ ላይ አግኝታችሁ፣ ፊቷን ነቅሳችሁ ሚስት አደረጋችኋት! ምን ልታደርግላችሁ ኖሯል? እጅ ልትነሳችሁ?»

ይሄን ከተናገረች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ወድሃም ገብቷታል።

«እንዲህ ነው» አለች ወድሃ። «እኔ አልክድም። ወስደዋታል፤ ነቅሰዋታል፤ በሕፃንነቷ ወልዳለች። እኛ ቤት ማንም ክዶት አያውቅም። መንደሩ ‹የካፊሯ ዘር› ይለን ነበር፤ ከልጅ ጋር በተጣላን ቁጥር ስማችን እሱ ነው። እዚያ የናንተ ነን። እዚህ ስመጣ ደግሞ ውጪ! ከናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ሰው ፊት፣ በገዛ አፋችሁ፣ ኸለፍ ልጇ ነበር በሉ። አንዴ። ከዚያ ወዲያ አታዩኝም።»

«እሑድ ነይ» አለች ሾጊግ። ደግነት አልነበረም፤ እልክ ነው። «ማኅበሩ ግቢ ነይና ማን እንደሚዋሽ ይታያል።»

ማታ እራት ላይ ሴትራክ ጩኸቱ ተመልሶለት ነበር። ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ማኅበርተኛው ሰነፈ፣ ለእሑዱ ከሰል የሚያመጣው ሰው ቃሉን አጠፈ። ሾጊግ ከሱ ትከሻ በላይ የተሰቀለውን ፎቶ ታያለች። ግንባሯ ላይ መሸብሸብ አለ፣ ጉንጯም ላይ አለ፤ አገጯ ብቻ እንደ እንቁላል ልስልስ ነው። ስንት ዓመት እዚህ ገበታ ላይ ተቀምጣ እንዴት አላየችውም?

«አጎቴ» አለች። «አያትዎ በፎቶ ሁሉ ላይ አገጯን በሻሽ ትሸፍናለች። ይሄ አንዱ ብቻ ነው የተገለጠው። ለምን ነበር?»

«ይበርዳት ነበር።»

«ቤይሩት?»

«ሰው ነዋ! ይበርደዋል!»

«በሐምሌም ይበርዳት ነበር?»

ሴትራክ ማንኪያውን አስቀመጠ። ድምፁ ወረደ። «ስሚ። አባቴን፣ ያንቺን አያት፣ በዚህ ሰፈር ‹የባለ ሰማያዊ አገጯ ልጅ› እያሉ ነበር የሚጠሩት። አርመን ነው የሚጠራው፤ ዐረብ እንዳይመስልሽ። በቆርቆሮ ቤት እኩል የሚራብ አርመን። እኔ የአንዱን ጥርስ አውልቄ ነው ያስቆምኩት። ፎቶ አንሺውን በብሩሽ ንቅሳቷን ያስጠፋሁት እኔ ነኝ። የሙት ልጆች ቤቱን ግንብ በድንጋይ ሳይሆን በአፌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስሟ እንኳ የማን ስም ነው? ለንጉሥ አልሰጥም ብላ የታረደችው የድንግሊቱ የሪፕሲሜ! አያቴ ያቺን ስም ይዛ በዚህ መንገድ ቀና ብላ እንድትሄድ ያደረግኩት እኔ ነኝ። አንቺ ትላንት የመጣሽ ልጅ ልታፈርሺው ነው?»

«እና ልጁስ?»

«የምን ልጅ?»

«ኸለፍ።»

«እሑድ» አለ ሴትራክ፣ «የጻፍሽውን ታነቢያለሽ። ከዚያ ላይ አንዲት ቃል ብትጎድል ይህ የምትተኚበት ቤት የኔ መሆኑን አትርሺ።»

አልረሳችም። ዓርብንና ቅዳሜን ጫማ እየሰፋች የጻፈችውን በልቧ አነበበች፤ ነጩ አልጋ ልብስ ላይ ስትደርስ መርፌው ይሰበርባታል። ውሸት ጽፎ ማንበብ ሰው ሁሉ የሚችለው ነገር ነው፤ ውሸት መሆኑን ሳያውቅ ከሆነ። አሁን ግን ታውቃለች። ካላነበበች ደግሞ የምትሄድበት ደጅ የላትም።

እሑድ ግቢው ሞላ። የማራሽ ሰዎች ሁሉ ለባብሰው መጥተዋል፤ አሮጊቶቹ ግንቡን ተደግፈው በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል፤ ልጆቹ መሐል ለመሐል ይራወጣሉ። በግቢው መካከል በተቆፈረው ጉድጓድ ፍሙ ቀልቷል። የበዓሉ ዋናው ነገር ይሄ ነው። የሴትራክ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀው፣ ሴትራክ በየዓመቱ በገዛ እጁ የሚሠራው የማራሽ ርሚጦ። ሊጡን በውኃና በጨው ብቻ ያቦካል፤ እንደ ሰሃን ጠፍጥፎ ረመጡ ላይ ያስተኛዋል፤ ከላይ ትኩስ አመድ ያለብሰዋል። ሲበስል አውጥቶ በጨርቅ እየመታ አመዱን ያራግፍና የቀለጠ ቅቤ ውስጥ ይፈረፍረዋል።

ሾጊግ ወረቀቷን ይዛ መድረኩ ጠርዝ ላይ ቆማለች።

«ወገኖቼ!» አለ ሴትራክ፣ እጁ እስከ ክንዱ አመድ ሆኖ። «የአያቴ የሪፕሲሜ አባት ጋራቤድ ማራሽ ውስጥ የታወቀ የዳቦ ጋጋሪ ነበር! ምድጃው ሦስት ሰፈር ያበላ ነበር! ቤታችንን አቃጠሉ፣ ሰዎቻችንን ፈጁ፤ ይሄን ዳቦ ግን ሊወስዱብን አልቻሉም! አያቴ ከአባቷ ምድጃ ተምራ፣ በሙት ልጆች ቤት አስባ ጠብቃ፣ ለእኛ...»

«ከሰል ላይ ነው የምትጋግረው?» የሚል ድምፅ ከበሩ በኩል መጣ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ወድሃ በዚያው ጥቁር ሻሽ፣ ብቻዋን፣ ዓይኗን በጨው አጥባ ገብታለች። ማንም መንገድ አልለቀቀላትም፤ እሷም አልጠየቀችም፤ በትከሻዋ እየገፋች እስከ ጉድጓዱ ደረሰች።

«ይሄ የበግ ጠባቂ ዳቦ ነው» አለች። «በኩበትና በቁጥቋጦ ሥር ነው የሚጋገረው። ከሰል ይፈጀዋል። ይኸው፣ ታቹ እያረረብህ ነው።»

«አስወጧት!» አለ አንዱ።

«እወጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ መልሱልኝ። አባቷ ምድጃ ያለው ጋጋሪ ነው ብለሃል። ምድጃ ያለው ሰው ምን ቆርጦት ሊጥ አመድ ውስጥ ይቀብራል? እንዲህ የሚጋግረው ዛሬ አድሮ ነገ ድንኳኑን የሚነቅል ሰው ነው። እኔ ይሄን ስበላ ነው ያደግኩት። አያቴ ነው የጋገረልኝ፤ እሱን ያሳደገችው አክስቱ አስተምራው። እሷን ማን እንዳስተማራት እግዜር ይወቅ፤ የማራሽ ሰው ግን አይደለም።»

ሾጊግ ወደ አሮጊቶቹ ረድፍ ተመለከተች። ከመካከላቸው በዕድሜ የምትበልጠው ማኑሻግ ነበረች። «እማማ ማኑሻግ፣ እናንተ ቤት ይሄን ዳቦ ትጋግሩ ነበር?»

ማኑሻግ ከንፈሯን ነከሰች። «እኛ ቤት አልነበረም።»

«እናንተስ?» አለች ሾጊግ ወደሌሎቹ። አንዷ ራሷን ነቀነቀች፤ ሌላዋ ጫማዋን ማየት ጀመረች።

«ሾጊግ» አለ ሴትራክ። ድምፁ ከጺሙ አላለፈም፤ ከእሷ በቀር የሰማው አልነበረም። «ውጪና አንብቢ። አሁን።»

መድረኩ ላይ ወጣች። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ቆንጆ ጽሑፍ ነበር፤ በሕይወቷ ከዚያ የተሻለ አልጻፈችም፤ ይሄን ስታስብ ከማዘን ይልቅ ተናደደች። ሰዎቹን አየቻቸው። አንዳንዶቹ ሴትራክን በዓይናቸው ጥግ እያዩ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ልክ የሥራ ቤቱ ሰዎች ድምፁ ሲወርድ እንደሚያደርጉት።

«የጻፍኩት ውሸት ነው» አለች። «የሙት ልጆች ቤት አልነበረም። ሪፕሲሜ በረሃ ላይ ተወሰደች። አገጯን ተነቀሰች። ይሄን ዳቦ የተማረችው እዚያ ነው፤ አጎቴም ከእሷ እጅ ነው የተማረው። ልጅ ወልዳለች። ኸለፍ ይባላል። ከኔ አያት በፊት የተወለደ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ይቺ ደግሞ የልጁ የልጅ ልጅ... አይ፣ የኸለፍ የልጅ ልጅ ናት።» ምላሷ ተሳሰረ፤ መሳሳቷ ራሷን አበሳጫት። «ልጇ ነበር። በቃ። ይሄው ነው።»

አንድ ሰውዬ «የዐረብ ነገር» ብሎ ከአፉ አውጥቶ ለመሄድ ተነሣ፤ ሚስቱ ግን ካፖርቱን ጎትታ አስቀመጠችው። መጀመሪያ ጮክ ብላ የተናገረችው ማኑሻግ ናት፤ ከዘራዋን ወደ መድረኩ ቀስራ።

«አንቺ ባለጌ! አዲስ ነገር የነገርሽን መስሎሻል?»

ሾጊግ ደነገጠች። «እማማ...»

«እማማ አትበይኝ! አጎትሽ የተሸሸገ መስሎት ኖረ፤ አንቺ ደግሞ የገለጥሽ መሰለሽ! ሁላችንም እናውቃለን! የኔ እናት አገጯን በሎሚና በአመድ ፈትጋ፣ ቆዳዋ እስኪላጥ ፈትጋ፣ ሳይለቅላት ነው የሞተችው። እዚህ የተቀመጥነው ግማሾቻችን የማን ልጆች መሰልንሽ? ሴትራክ የሙት ልጆች ቤቱን ሲያወራ አፋችንን ዘግተን የሰማነው ሞኝ ሆነን ነው? እሱ የአባቱን እናት ሲያከብር የኛም እናቶች የተከበሩ ስለሚመስለን ነው! አሁን ደስ አለሽ?»

ሾጊግ ሚስጥር ነው ያለችው ነገር ለእሷ ብቻ ሚስጥር ኖሯል።

ሴትራክ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። አመዱ ጥቁር ሱሪው ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ወደ መድረኩ ቀርቦ መዳፉን ዘረጋ፤ «ቁልፉን» አለ። የቤቱን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ሰጠችው። «ዕቃሽ ነገ በሰው ይላክልሻል» ብሎ በግቢው መሐል አቋርጦ ወጣ። ማንም አልተከተለውም፤ የብዙዎቹ ዓይን ግን ከኋላው ሄዷል።

ርሚጦው ከአመዱ ሥር መጨስ ጀመረ። ለማውጣት የሚነሣ ጠፋ። ወድሃ «ይቃጠል ብላችሁ ነው?» እያለች ተንበርክካ በባዶ እጇ አወጣችው፤ የሴትራክን ጨርቅ አንሥታ ደበደበችው፤ ያረረውን በጥፍሯ ልጣ ጣለችው። የቀረውን ቅቤው ላይ ፈረፈረችና ቀና ብላ ሰውን አየች። ማንም እጁን አልዘረጋም። እሷም አልበላችም። ማኑሻግ ብቻ ከዘራዋን ተመርኩዛ መጥታ አንድ ቁራሽ አነሣች፤ ወድሃን ግን አላየቻትም፤ እያኘከች ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሾጊግ ከመድረኩ ወርዳ ከወድሃ ፊት ቆመች። «ብዬልሻለሁ» አለች። «ሰው ፊት። የጠየቅሽው ይሄ ነበር።»

«ሰምቻለሁ።»

«ማደሪያ አሳጥተሽኛል።»

«ናባዓ እንዳትመጪብኝ። ሰባት ነን ብዬሻለሁ፤ እግር መዘርጊያ የለም።» ወድሃ እጇን ታራግፍ ጀመር፤ መዳፏ ቀልቷል። «የት ነው የተቀበረችው?»

በአውቶቡስ ሄዱ፤ ጎን ለጎን ቆመው። መካነ መቃብሩ ውስጥ ሾጊግ ከፊት ቀደመች፤ ከቤተሰቡ ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ በጣቷ አሳየቻት። ድንጋዩ ላይ በተለጠፈው ሞላላ የሸክላ ፎቶ ውስጥ ሪፕሲሜ በዚያ ልስልስ አገጯ ታያቸዋለች።

ሾጊግ አንድ ነገር ለማለት አስባ ነበር፤ ጸሎትም ይሁን ይቅርታ ገና አልለየችውም። ወድሃ ግን ዞር ብላ «አንቺ ሂጂ» አለቻት።

«የኔም አያት እናት ናት።»

«አውቃለሁ። ሂጂ። ይሄ የኸለፍ ነው።»

ሾጊግ ተናዳ ሄደች፤ በሩ አጠገብ ስትደርስ ቆመች። ከኋላዋ የወድሃ ድምፅ ተነሣ። ልቅሶ መስሏት ነበር፤ አልነበረም። ስድብ ነው። ከሆድ የወጣ፣ የመንደር፣ የማይቆጠብ ስድብ። «‹መጣሁ› ብለሽው አልነበረም? መቼ ነው የምትመጪው አንቺ ውሸታም! አርጅቶ ሞተ እኮ!» ትላለች ወድሃ፤ «ጉድጓዱ ዘንድ ተቀምጦ ቀረልሽ እኮ! መኪና በመጣ ቁጥር!»

መቃብር ጠባቂው ከጎጆው ወጣ። «ምን ጉድ ነው? ማናት ይቺ? ሙታን ፊት እንዲህ ይባላል?» ብሎ ሊሄድ ሲል ሾጊግ ክንዱን ያዘችው።

«ተዋት» አለችው።

«ትሳደባለች እኮ!»

«ኸለፍ ነው እናቱን የሚሰድበው» አለች ሾጊግ፤ ሰውየው እንዳልገባው አየች፤ ለማስረዳትም አልሞከረች። ክንዱን እንደያዘች ቆመች፤ ስድቡ ግንቡን አልፎ መንገድ ላይ ድረስ ይሰማ ነበር።